በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቋንቋ

ሶልቪክ በምትባለው የሰሜን ወደብ ከተማ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ጥያቄው የሚመጣው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ነው። ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም፤ ከጉንፋን ገና ያገገመ ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ለስለስ፣ ሻከር ያለ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? አሁን ያሉት የት ነው? ትናንት ማታ ምን በሉ? ሦስቱንም የመለሰ «መልካም ቀን» ተብሎ ይሸኛል። ያልመለሰም «መልካም ቀን» ይባላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከአርባ ቀን በኋላ፣ ሰው በር ሲያንኳኳ ነው።

የሐበሻው ማኅበር ይህን ግድግዳ «ጠያቂው» ይለዋል። ኑሮ በጠያቂው ዙሪያ ተበጅቷል። ከሦስት ሰዓት በፊት ሽማግሌ ቤት የሚደውል የለም። የበላው እንዳይጠፋበት ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እራት የሚበላ አለ። በመንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርክ?» ሳይሆን «አለፍክ ወይ?» ይባባላሉ፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ።

አቶ ኪሩቤል በእኛ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ሐዋሳ ላይ መካኒክ ሆኖ፣ ሶልቪክ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ ባቡር ነድቷል። ባቡሮቹ ሾፌር የማያስፈልጋቸው ከሆኑ በኋላም ስድስት ዓመት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተሳፋሪው ባዶ ወንበር ሲያይ ይጨንቀው ነበርና። ሥራው መቀመጥና ወደ ፊት ማየት ነበር። ጡረታ የወጣ ቀን እንኳ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ።

ሚስቱ ቦጋለች ጋንታ ከሶዶ ከፍ ብላ ባለች መንደር ተወለደች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሐዋሳ ወርዳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ሰፋች። አማርኛን በትምህርት ቤት ጀምራ በስፌት መስመሩ ላይ ጨረሰችው። ኪሩቤል ያገኛት እዚያው፣ የሠራተኞቹን አውቶቡስ ሲጠግን ነው። ወላይትኛ አላስተማረችውም፤ እሱም አልጠየቃት። «አማርኛሽ ከእኔ ይሻላል፣ ምን ያደርግልኛል?» ይላት ነበር። እሷም ትስቃለች። ሶልቪክ ሲመጡ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ ከእሱ ቀድማ ለመደች። አንድ ልጃቸው ሶልያና ያደገችው በሁለቱ ቋንቋ ነው፤ ሦስተኛው በዚያ ቤት ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ቦጋለች ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ብቻ፣ መኝታ ቤት ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትናገረው ነበር። እናቷ ከሞቱ በኋላ እሱም ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጠያቂው ቀኑን ሲጠይቃት ቦጋለች ምንም ሳታመነታ «መስከረም ሦስት፣ ሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት» አለች። ልክ ነበረች። ከተማው ግን «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች» ብሎ መዘገባት። በዚያው ወር አሥራ አንድ የማኅበሩ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ወደቁ፤ አንዱማ ሰዓት ቢጠየቅ «ሦስት ሰዓት» ብሎ፣ ለእነሱ ዘጠኝ ነውና፣ ጭራሽ የቀንና የሌሊት ልዩነት ጠፍቶታል ተባለ።

ኪሩቤል ተቆጣ። ኪሩቤል ሲቆጣ ደግሞ ይጽፋል። ስድስት ወር ሙሉ ጻፈ፣ ተመላለሰ፣ ሸንጎ ፊት ቆመ። በመጨረሻ አሸነፈ፤ ጠያቂው የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንዲቀበል፣ በአማርኛም እንዲጠይቅ ተወሰነ። በዚያ ቀን በእድሩ አዳራሽ የተጨበጨበለት ጭብጨባ በሠርጉም አልተጨበጨበለትም። «የታመመው ማሽኑ ነው እንጂ እኛ አይደለንም!» አለ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ያፌት አቅፎ ሳመው።

የተናገረው እውነት ነበር። ችግሩ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ አባባል ለሁሉም ነገር ማመካኛ መሆኑ ነው። የልጁን ስም የረሳ፣ ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጠ፣ ሁሉም «የአቆጣጠር ጉዳይ ነው» ተብሎ ይሳቅለታል። በማኅበሩ ውስጥ ሕመሙ የሚጠራበት ስም አልነበረውም። «ጃጀ» የሚል ቃል ነበር፤ እሱ ግን ስድብ ነው፣ ሰው ፊት አይባልም። ጨዋ ሰው «ዕድሜ ተጫጭኗት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሐሳብ አብዝታ ነው»፤ ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። «በዘሩ አለ» እንዳይባልና ልጆች እንዳይነኩ፣ የታመመ ሰው ከቤት አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ ተኝታለች ይባላል። ሁሉም ደሴቱን ይፈራል። ከወደቡ ማዶ፣ ቀጥ ያለ ጥድ የሞላበት ደሴት አለ፤ በጠያቂው የወደቁ ሰዎች እዚያ ይወሰዳሉ። ንጹሕ ነው፤ አልጋው ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው የተወለዱበትን ሰፈር ያሳያል ይባላል። የያፌት ታላቅ ወንድም ወደዚያ ሄዶ በሦስት ወሩ ሞቷል።

ሶልያና ከምትኖርበት ከተማ በባቡር መጥታ ሳለች፣ «አባዬ፣ እማዬ ደህና አይደለችም። ሐኪም ይያት» ብላው ነበር።

«እናትሽ ደክሟት ነው።»

«ሁለት ጊዜ ስሜን ጠየቀችኝ።»

«ሁለት ጊዜ ስለሆነ ምን አለበት? እኔም ስምሽን ያወጣሁ ጊዜ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አላት፤ ቀልዱ ለራሱም አልጣመውም። ሶልያና ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ ነበሩ።

የአገሩ ቋንቋ ቀድሞ ጠፋ። ቦጋለች አንድ ቀን ከጎረቤቷ ጋር ደረጃ ላይ ቆማ በትሕትና ፈገግ እያለች ስታዳምጥ ኪሩቤል አያት፤ ጎረቤቷ ሰላምታ ብቻ ነበር ያለቻት። ቤት ሲገቡ «ሴትዮዋ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። አርባ ዓመት የኖረችበት ቋንቋ እንደ በጋ ውኃ ቀስ ብሎ ሰርጎ ነበር። ኪሩቤል አልደነገጠም። እንዲያውም በልቡ ትንሽ ደስ አለው፤ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ የመጣች መሰለው።

ለጠያቂው መላ ፈጠረ። በየጠዋቱ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን በእጁ ይይዛል። ከተማው የሚያየው ሁለት የተዋደዱ ሽማግሌዎችን ነው። በጣቱ መዳፏ ላይ ቀኑን ይመታላታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «የት ነን?» ሲባል የአውራ ጣቷን ጫፍ ይጫናል፤ «ሶልቪክ» ትላለች። እራታቸው ሁልጊዜ ድንች በዓሣ ነው። እሷ ጨዋታ መስሏት ነበር፤ አንዳንዴ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። ሽማግሌዎች ሁሉ እጃቸው ላይ የሚያስሩት አምባር አለ፤ የት እንዳሉ፣ እንዴት እንደሚራመዱ ለከተማው ይናገራል። ቦጋለች በሌሊት ልብሷ ደረጃ መውረድ ስትጀምር ኪሩቤል አምባሯን ፈትቶ በራሱ ግራ እጅ አሰረው። በቀኙ የራሱ፣ በግራው የእሷ። በከተማው መዝገብ ሚስቱ ከጎኑ ተለይታ አታውቅም፤ እኩል እየተራመዱ ይኖራሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቦጋለች ከእንቅልፏ ነቅታ «ሃታ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሃታ» አለች ደግማ፣ ጣቷን ወደ ብርጭቆው እየቀሰረች። ውኃ ሰጣት። ጠጥታ ረዘም ያለ ነገር ተናገረችው። ቃላቱ ክብ ክብ ናቸው፤ ዓይኖቿ ይስቃሉ። ኪሩቤል አንዱም አልገባውም። «በአማርኛ በይው ቦጌ» አላት። የለመደችውን የልጅ አመል እንደምትታገሥ ሁሉ ራሷን ነቀነቀችና ያንኑ ደገመችለት፤ በዚያው ቋንቋ።

በማግሥቱ አማርኛዋ ተመለሰ። ከዚያ ሄደ። ከዚያ ለሁለት ሰዓት መጣ። እንደ ክረምት ፀሐይ ነበር፤ ደመናው ሲገለጥ ኪሩቤል ያለውን ሥራ ሁሉ ትቶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ሲሸፈን መስኮት መስኮቱን ያያል። ጠያቂው «መልሱ አልተሰማኝም» ማለት ጀመረ። ኪሩቤል «ጉሮሮዋን ታማለች» ይላል። «መልካም ቀን» ይላል ጠያቂው።

አንድ ከሰዓት ላይ ምሳ ዕቃ እያጠበ ሳለ እውነቱ ዝም ብሎ ወደ ልቡ ገባ። ቦጋለች በወጣትነቷ ከመንደሯ ወጥታ አማርኛ ወደሚነገርበት ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰሜን። አሁን በመጣችበት መንገድ እየተመለሰች ነው። ሰሜኑን አለፈች። አማርኛውን እያለፈች ነው። እሱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው፤ አማርኛው ውስጥ። ወደፊት በምትደርስበት ቦታ እሱ የሚባል ሰው ገና አልተገናኛትም። ሳህኑን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ውኃው እጁ ላይ እየፈሰሰ።

መስከረም አሥራ ስድስት ቀን ሶልቪክ በጉም ተሸፈነች። ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ መንገዶቹን ሞልቶ፣ የፎቆቹን ጣራ ብቻ አስቀርቶ ነበር። የጠያቂው ጊዜ እንዳለፈ ኪሩቤል ገላውን ሊታጠብ ገባ። ሲወጣ በሩ ክፍት ነበር። የቦጋለች ነጠላ ጫማ የለም። ኮቷ ግን ተሰቅሏል።

ደረጃውን ወርዶ ጮኸ። ጉሙ ድምፁን ዋጠው። ሾፌር የሌለው ባቡር በብርሃኑ እየዋኘ አለፈ፤ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። ኪሩቤል ለያፌት ደወለ።

«ለከተማው እንዳትደውል» አለ ያፌት ወዲያው። «ልጆቹን ሁሉ ሰብስቤ እመጣለሁ። ራሳችን እናገኛታለን።»

አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ። ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አዳረሱ። «እትዬ ቦጋለች!» የሚለው ጥሪ በጉሙ ውስጥ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ የሚጠራው አይታይም። አንድ ሰዓት አለፈ። ኪሩቤል ወደቡ ጠርዝ ላይ ደርሶ ውኃውን አየ። ውኃ አልነበረም፤ ነጭ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት አለፈ።

«ልደውል ነው» አለ።

ያፌት ክንዱን ያዘው። «ትንሽ እንታገሥ። ኪሩቤል፣ ስማኝ። ከደወልክ ስሟ ይጻፋል። ከተጻፈ ደሴት ነው። ወንድሜን አስታውስ።»

«ኮት አልለበሰችም፣ ያፌት።»

«እናገኛታለን እኮ።»

«ኮት አልለበሰችም» አለ እንደገና። ያፌት እጁን ለቀቀው።

ኪሩቤል በአገሩ ቋንቋ ደወለ። የመለሰው ሰው በመዝገቡ ላይ አይቶ በትሕትና፣ «ሚስትዎ አጠገብዎ ናቸው» አለው። «ወደቡ ላይ፣ ከእርስዎ ግማሽ ሜትር ርቀው።»

ኪሩቤል በግራ እጁ ያለውን አምባር አየ። «የለችም» አለ። «አምባሯን እኔ ነኝ ያሰርኩት። ሚስቴ ታማለች። አእምሮዋ ታሟል። ከዓመት በላይ ሆኗታል። ሳውቅ ነው የደበቅሁት።» ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ሰሙት።

ሰውየው፣ «አንድ ድምፅ ላሰማዎት» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ወደ ማዶው ሰፈር የሚመላለሰው ጀልባ አንዲት ሴት አልወርድ እንዳለች ይናገራል። ቋንቋውን ግን ማሽኖቻችን አላወቁትም። በዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

ከዚያም የሞተር ድምፅ፣ የውኃ ድምፅ፣ በመካከሉም የእሷ ድምፅ መጣ። አልፈራችም። ቀስ ብላ፣ ለአንድ ሰው ነገር እንደምታስረዳ፣ ትናገራለች፤ ትጠይቃለች፤ መልስ ትጠብቃለች፤ እንደገና ትጠይቃለች።

«ሚስትዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«ምን እያሉ ነው?»

አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ኪሩቤል ባሕሩ ዳር ቆሞ፣ አሥራ ሁለት ሰው እያየው፣ «አላውቅም» አለ። «ወላይትኛ ነው። እኔ አልችልም።»

ከተማው ድምፁን ለነዋሪዎቹ ሁሉ ላከው፤ ሰዎች ከምሳ ዕቃቸው፣ ከአልጋቸው፣ ከመንገድ ላይ ሰሙት። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዲት ሴት መለሰች። ስሟ ወይዘሮ መሰለች ይባላል፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፤ ከዓሣ ፋብሪካ በጡረታ የወጣች፤ ከውኃው ማዶ ባለው ሰፈር ብቻዋን የምትኖር። በጀልባው ድምፅ ማጉያ በኩል ቦጋለችን አነጋገረቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኪሩቤል የሰማው ከእሷ ነው። ቦጋለች ለጊፋታ፣ ለወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ሐይቁን መሻገር አለባት፤ ወንድሞቿ ማዶ ሆነው ይጠብቋታል። ጀልባው ግን በደረሰ ቁጥር መሬቱ የሷ መሬት አልሆነላትም፤ ስለዚህ አልወረደችም። አምስት ጊዜ ሄዳ አምስት ጊዜ ተመልሳለች።

«‘ውረጂ፣ እኔ ልቀበልሽ እየመጣሁ ነው’ አልኳት» አለች መሰለች። «‘የማን ልጅ ነሽ?’ አለችኝ። ነገርኳት። ‘አባትሽን አውቃለሁ’ አለችኝ። አባቴን አታውቀውም። ግን ደስ አለኝ።»

ኪሩቤል በሚቀጥለው ጀልባ ተሻግሮ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው በመናኸሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ቦጋለች ቀና ብላ አየችው፤ በጨዋ ሰው ዓይን፤ ለማያውቁት ሽማግሌ እንደሚደረገው ትንሽ ብድግ አለችለት። ኪሩቤል ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

«ማኅበር እንዳለን አታውቂም ነበር?» አላት መሰለችን በመንገድ ላይ።

«አውቃለሁ እንጂ» አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ከጀልባው ወርዳችሁ በመስኮቴ ስታልፉ አያለሁ። ማንም ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔም አልመጣሁም።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከከተማው የተላከች ሴት መጣች። ናዲያ ትባላለች፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ወላጆቿ ከሶርያ የመጡ ናቸው። ኪሩቤል አምባሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ናዲያ አየቻቸው እንጂ አልነካቻቸውም።

«እናቴ ስትታመም አባቴ መስተዋቶቹን ሁሉ ሸፍኗቸው ነበር» አለች። «መስተዋት ውስጥ ያለችውን ሴት ትፈራት ነበርና። ለሰው ግን ቤቱን ልንቀባ ነው ይል ነበር። ሕመሙን እኛ በዓረብኛ ‘ኸረፍ’ እንለዋለን። እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?»

ኪሩቤል አሰበ። «ያለን ቃል ስድብ ነው» አላት።

«የኛም እንደዚያው ነው።»

ስለ ደሴቱ ጠየቃት። ናዲያ አልደበቀችውም። እዚያ ግድግዳው በስልሳ ሦስት ቋንቋ ያናግራል፤ አማርኛም አለበት። ወላይትኛ የለም። ቦጋለች እዚያ ብትሄድ ቀኑን ሙሉ ከእርሷ እየራቀ ባለ ቋንቋ ሲነገራት ትውላለች። «ሰዎች እዚያ ዝም ይላሉ» አለች ናዲያ። «እኛ ‘ተረጋግተዋል’ ብለን እንጽፋለን።» ኪሩቤል የያፌትን ወንድም አሰበ፤ እሱም ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ ሰው ነበር፤ ያኔ ደግሞ ቋንቋው በዝርዝሩ ላይ ገና አልተጨመረም ነበር።

ቤቷ ልትቆይ የምትችልበት አንድ መንገድ ነበር። በቋንቋዋ የሚያናግራት ሰው በቀን ለአራት ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል። መሰለች በሳምንት ሦስት ቀን ልትመጣ እሺ አለች። ለቀሩት አራት ቀናት ቋንቋውን ራሱ እንዲማር ናዲያ ለኪሩቤል ስድስት ወር ጊዜ ሰጠችው። በስድስት ወሩ ኪሩቤል ይፈተናል።

«ፈታኙ ማን ነው?» አላት።

«ከተማው ፈታኝ የለውም» አለች ናዲያ። «ወይዘሮ መሰለችን እንጠይቃለን።»

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ኪሩቤል ቆመ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። «ከዓመት ከመንፈቅ በፊት እዚህ ቆሜ ‘የታመመው ማሽኑ ነው’ ብያለሁ» አለ። «አልዋሸሁም። ቀኑን በተመለከተ እውነቴን ነበር። ግን ቀኑ ልክ ሲሆን ሌላውም ሁሉ ልክ የሆነ መሰለኝ። ሚስቴ ታማለች። ማንም አልረገማት፤ ዓይንም አልበላትም። እግር እንደሚታመም ታማለች። ደብቄያት በጉም ውስጥ ልትሞትብኝ ነበር።»

ማንም አላጨበጨበም። ኋላ ያፌት ከመድረኩ ላይ ሳይነሣ፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ልብ ድካም ነው ብዬ አስነግሬ ነበር» አለ። «ልቡ ደህና ነበር።» ከዚያም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የአዳራሹ ጣራ ያፈስ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሦስት ሴቶች በየተራ የኪሩቤልን በር አንኳኩ። አንዳቸውም አልተቀመጡም። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ በር ላይ ቆመው፣ «አንተ መጀመሪያ በምን አወቅህ?» ብለው ጠየቁት። ለሶልያናም ደወለ። እሷ መጥታ አሥር ቀን ሰነበተች፤ እናቷ ስሟን አልጠራችም፤ ግን ፀጉሯን ሠራችላት፣ ጠበቅ ያለ፣ የመንደሯን አሠራር።

ክረምቱ ገባ። በሶልቪክ ክረምት ቀን የሚባለው ነገር በጣም አጭር ነው፤ ቀሪው ሰማያዊ ድንግዝግዝታ ነው። በዚያ ድንግዝግዝታ ውስጥ ኪሩቤል ቃል ይለቅማል። መሰለች ጥብቅ አስተማሪ ናት። አፉ ለድምፆቹ አይታዘዝም፤ ከጉሮሮ የሚፈነዳውን ይውጠዋል፣ የሚጎተተውን ያሳጥረዋል። «አንተ ሰውዬ፣ በሬ ልትል ፈልገህ ምን እንዳልክ ብነግርህ ከዚህ ቤት ትወጣለህ» ትለዋለች። ቦጋለች እነሱን እያየች በሳቅ ትንፈራፈራለች። ሳትጠየቅ ታርመዋለች። ጣቷን አንሥታ፣ ከንፈሯን ከፍታ፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ ትሰጠዋለች። የረሳችው ብዙ ነው፤ የያዘችውን ግን እንዲህ አጥርታ ስትሰጥ ኪሩቤል ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

ቀስ በቀስ ደግሞ ሌላ ሰው ማወቅ ጀመረ። አርባ ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው፣ ታናሽ ወንድሟ በወንዝ እንደሞተ አያውቅም ነበር። በልጅነቷ በመንደሩ ፊት ቆማ ትዘፍን እንደነበር አያውቅም። በአማርኛ ዝምተኛ ሴት ነበረች። በወላይትኛ ቀልደኛ፣ ትንሽም ተሳዳቢ ነበረች። አንዳንድ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ይህችን ሴት ሳላገኛት ልሞት ነበር እኮ፣ ይላል ለራሱ።

መጋቢት ላይ ተፈተነ። ናዲያ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ መሰለች መነጽሯን አድርጋ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብላ። የዛሬውን ቀን ጠየቀችው። የት እንዳለ ጠየቀችው። ትናንት ማታ ምን እንደበላ ጠየቀችው። ሦስተኛው ላይ የድንችን ስም አጥቶ ላበው። መሰለች አየችውና ለናዲያ በአገሩ ቋንቋ፣ «መጥፎ ነው» አለች። «ግን ያልፋል።»

ከዚያ በኋላ በሆነ አንድ ቀን፣ በረዶው ከጣራው እየተንጠባጠበ ሳለ፣ ኪሩቤልና ቦጋለች መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። መሰለች የማትመጣበት ቀን ነው። ብርሃኑ ከባሕሩ ተነሥቶ ጣራው ላይ ይወዛወዝ ነበር፤ ክፍሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ኪሩቤል «ሳሮ» ብሎ ሰላም አላት። ቦጋለች ዞር ብላ አየችው፤ ፊቷ ፈካ።

«የኛ አገር ሰው ነህ?» አለችው በቋንቋዋ።

ቃላቱን አንድ በአንድ ተከተላቸው። «አዎ» አላት።

«ጥሩ። እዚህ የሚያናግሩት ሰው የለም።» ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባል አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። ቋንቋችንን ግን አያውቅም። የምነግረው ብዙ ነገር አለ፣ አይገባውም። ሲመጣ አንተ ንገርልኝ።»

በረዶው ይንጠባጠባል። ኪሩቤል ያሉትን ጥቂት ቃላት ሰብስቦ፣ እየተንተባተበ፣ «ምን ልንገርልሽ?» አላት።

ቦጋለች ወንበሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። «ረጅም ነው» አለችው። «መጀመሪያ ተቀመጥ።»